ከጉንፋን በኋላ የልጅ ዓይን ሲንሸዋረር፦ የቱን ምርጫ መቼ?

ልጄ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። ሳምንት ሙሉ ትኩሳትና ንፍጥ ይዟት ሰነበተች፣ ዳነች፣ መሮጥ ጀመረች፣ እኔም ረሳሁት። ከአሥር ቀን በኋላ ቁርስ ላይ ቀና ብዬ ሳያት ግራ ዓይኗ ወደ አፍንጫዋ ተጠግቷል። የምትቀልድ መስሎኝ «ዓይንሽን አስተካክይ» አልኳት። አላስተካከለችም። ሆዴ ቦጭ አለ።

ከዚያማ ምክር እንደ ጉድ ወረደ። አንዱ «ዛሬውኑ ኤምአርአይ አስነሺያት» ይላል፣ ሌላው «ተይው፣ በራሱ ይመለሳል»፣ አንዷ ደህናውን ዓይን ሸፍኚላት ትላለች፣ ሌላዋ በስቴሮይድ የዳነ ልጅ ታውቃለች፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ ቦቶክስና ቀዶ ጥገና ድረስ ይዞኝ ነጎደ። ምክሮቹ እርስ በርስ የሚጣሉ ይመስሉኝ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ አብዛኞቹ አይጣሉም፣ ሰዓታቸው ነው የሚለያየው። በመጀመሪያው ሳምንት የሚወሰን አለ፣ በሦስተኛው ወር የሚወሰን አለ፣ ስድስት ወር ሳይሞላ ጭራሽ የማይነካም አለ። ስለዚህ አማራጮቹን እዚህ የማወዳድራቸው በየሰዓታቸው ነው። ሐኪም አይደለሁም። ግን ወራት ሙሉ ሐኪሞችን በጥያቄ ያደረቀች እናት ነኝ።

መጀመሪያ፣ ምን ሆኖ ነው?

እያንዳንዱን ዓይን የሚያንቀሳቅሱት ስድስት ጡንቻዎች ናቸው። እነሱን የሚያዙት ደግሞ ከአንጎል የሚወጡ ሦስት ነርቮች፦ ሦስተኛው፣ አራተኛውና ስድስተኛው። ስድስተኛው ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ዓይንን ወደ ጆሮ አቅጣጫ የሚስበውን ጡንቻ ማዘዝ። እሱ ሲደክም ወደ አፍንጫ የሚስበው ጡንቻ ተፎካካሪ ያጣና ዓይኑን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። ልጁ በተለይ ራቅ ያለውን ነገር ጎን ለጎን ሁለት ሆኖ ያየዋል።

በልጆች ላይ ከቫይረስ በኋላ በብዛት ሲደክም የሚታየው ይሄው ስድስተኛው ነው። ኢንፍሉዌንዛ፣ ቺክን ፖክስ፣ ኤፕስታይን ባር የሚባለው ቫይረስ፣ ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ፣ ወይም ስሙ ጨርሶ ያልታወቀ ተራ ጉንፋን ሊሆን ይችላል። አልፎ አልፎ ከክትባት በኋላም ታይቷል፣ ግን በዚህ ምክንያት ቀጣዩን ክትባት በራሳችሁ ውሳኔ እንዳታስቀሩ። አብዛኛውን ጊዜ ትኩሳቱ ካለፈ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው ብቅ የሚለው። ሰውነት ቫይረሱን ሲዋጋ የተነሳው ቁጣ ነርቩንም ይነካዋል ተብሎ ይታሰባል። ሕመም የለውም። እ.ኤ.አ. በ1967 ኖክስ፣ ክላርክና ሹስተር የተባሉ ሐኪሞች በልጆች ላይ የሚታየውን ይህን ዓይነቱን «ቤናይን» ብለው ጽፈውበታል፤ ክፉ ያልሆነ እንደማለት ነው። አብዛኛው ልጅ በሳምንታት ውስጥ መሻሻል ይጀምራል፣ ብዙዎቹ በሦስት ወር ገደማ ይድናሉ፣ የሚዘገየው እስከ ስድስት ወር ሊወስድበት ይችላል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ስድስተኛው ነርቭ ከአንጎል ግንድ ተነስቶ የራስ ቅሉን ግርጌ ታክኮ ወደ ላይ ይወጣና በአጥንት ጫፍ ላይ ታጥፎ ነው ዓይን ጋ የሚደርሰው። መንገዱ ረጅም ነው። ጭንቅላት ውስጥ ግፊት ከጨመረ፣ ምክንያቱ የትም ይሁን የት፣ እሱ ቀድሞ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ «የቫይረስ ነው» የሚባለው ሌላው ሁሉ ከተጣራ በኋላ ነው።

ሐኪም ጋ እስክትደርሱ ቤት ውስጥ የሚታይ

ይሄ የሐኪምን ምርመራ አይተካም። ግን ሐኪሙ ሲጠይቃችሁ «አላውቅም» ከማለት ያድናል።

የልጁን አንድ ዓይን በእጃችሁ ሸፍኑና በሌላው ዓይኑ አሻንጉሊት እንዲከተል አድርጉ። አሻንጉሊቱን ቀስ እያላችሁ ወደ ጆሮው አቅጣጫ ውሰዱት። ጤነኛ ዓይን ጥግ ድረስ ይሄዳል፣ በጆሮ በኩል ያለው ነጭ ይጠፋል ማለት ይቻላል። ስድስተኛው ነርቭ የደከመበት ዓይን መንገድ ላይ ይቆማል፣ ነጩም እንደቀረ ይታያል።

ዓይኑ ተንሸዋርሮም ጥግ ድረስ የሚሄድ ከሆነ ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ቅርብ ለማየት ብዙ ከመጣር የሚመጣ መንሸዋረር አለ፣ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፣ ከትኩሳት በኋላም ድንገት ጎልቶ ሊወጣ ይችላል። የእሱ መድኃኒት መነጽር ነው። ስድስተኛው ነርቭ ነው ተብሎ ወራት ከተጠበቀበት ግን ልጁ መነጽሩን በሰዓቱ ሳያገኝ ይቀራል።

የድሮ ፎቶዎችንም አገላብጡ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አንድ ዓይኑ ወደ ጎን የማይሄድ፣ ወደ አፍንጫ ሲዞር ደግሞ የዓይኑ መክፈቻ የሚጠብ ልጅ አለ። ዱዌን ሲንድረም ይባላል፣ አብሮ የተወለደ ነው፣ ቤተሰብ ልብ የሚለው ግን አንዳንዴ ከዓመታት በኋላ ነው። ፎቶው ላይ የቆየ ነገር ከተገኘ ጉንፋኑ ነፃ ወጣ ማለት ነው።

ጭንቅላቱን ወደ አንድ ትከሻ ያዘነበለና አንዱ ምስል ከላይ ሌላው ከታች የሚሆንበት ከሆነ አራተኛው ነርቭ ይጠረጠራል፤ በልጆች ላይ ይሄም ብዙ ጊዜ አብሮ የተወለደ ነው። ጠዋት ደህና ሆኖ ማታ ማታ የሚብስ፣ የዓይን ቆቡም ወደቅ ወደቅ የሚል ከሆነ ማያስቴኒያ የሚባለውን የነርቭና የጡንቻ መገናኛ ችግር ሐኪሙ ያስብበታል።

እነዚህን ካያችሁ ደግሞ ቤት ውስጥ መፈተሹን ተዉትና በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፦ የዓይን ቆብ ወድቆ ዓይኑ ወደ ውጭና ወደ ታች ከዞረ፣ በተለይ ብሌኑ ከሰፋ፤ ጠዋት ጠዋት ራስ ምታትና ማስመለስ ካለ፤ ሲራመድ የሚንገዳገድ ከሆነ፤ ሁለቱም ዓይኖች ከተነኩ፤ ፊቱ በአንድ ወገን ከወደቀ፤ ትኩሳት ከአንገት መድረቅ ጋር ከመጣ (ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል)፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፤ ጭንቅላቱን ተመትቶ ከነበረ። የጆሮ ሕመም ወይም መግል ካለም እዚሁ ይቆጠራል፣ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ጭንቅላቷ በምስል ይታይ ወይስ ይቆይ?

የመጀመሪያው ትልቅ ውሳኔ ይሄ ነው፣ ሐኪሞችም የማይስማሙበት። ሁለት ሐኪም ጠይቃችሁ ሁለት መልስ ካገኛችሁ አንዱ አላዋቂ ነው ብላችሁ አትደምድሙ።

«ሁሉም ልጅ ይታይ» የሚሉት ምክንያታቸው ቀላል ነው። ከአንጎል በስተኋላ፣ ግንዱ አካባቢ የሚበቅሉ ዕጢዎች አንዳንዴ የመጀመሪያ ምልክታቸው ይሄው የዓይን መዞር ነው። «ግን እኮ ጉንፋን ይዞት ነበር!» ትላላችሁ። እኔም ብያለሁ። አንዷ ሐኪም የመለሰችልኝን አልረሳውም፦ ትንሽ ልጅ በዓመት ስንት ጊዜ ጉንፋን ይይዘዋል? ስድስት? ስምንት? እንግዲያው የልጅ ዓይን በየትኛውም ቀን ቢዞር፣ በየትኛውም ምክንያት ቢዞር፣ ከዚያ በፊት ባሉት ሦስት ሳምንታት ውስጥ ጉንፋን መገኘቱ ምኑ ይገርማል? ጉንፋን ስለነበረ ብቻ ነርቩን ያደከመው ጉንፋን ነው ማለት አይቻልም። ይሄን ከሰማሁ በኋላ በግማሽ ልቤ ወደዚያ ወገን ሄድኩ።

«ይቆይ» የሚሉትም ዝም ብለው አይሉም። ዝርዝር አላቸው። አንድ ዓይን ብቻ፣ ስድስተኛው ነርቭ ብቻ፣ ሕመም የለም፣ ከሦስት ሳምንት ያልዘለለ ግልጽ የቫይረስ ሕመም ነበረ፣ ብሌኑ በጠብታ ሰፍቶ ከኋላ ሲታይ የዓይን ነርቩ (የምናየውን ወደ አንጎል የሚያደርሰው ሌላው ነርቭ) አላበጠም፣ ሚዛኑም፣ ፊቱም፣ እጅ እግሩም ደህና ነው። ይሄ ሁሉ ከተሟላ ብቻ ነው በየሁለት ሳምንቱ ገደማ እያዩ መጠበቅን የሚመርጡት። ከሁለት እስከ ሦስት ወር ውስጥ ካልተሻሻለ፣ ከባሰ፣ ወይም አንድ አዲስ ምልክት ከመጣ ያኔ ምስሉ ይነሳል። የሚያተርፉት አለ፦ ትንሽ ልጅ ለኤምአርአይ ብዙ ጊዜ ማስተኛ መድኃኒት ያስፈልገዋል፣ አንዳንዴም ምስሉ ላይ ምንም የማያመጣ ትንሽ ነገር ይገኝና ቤተሰቡ ለወራት እንቅልፍ ያጣል።

እኔ የቱን መረጥኩ? አስነሳኋት። ንጹሕ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ምልክቶቿን ሳይ ጠብቀን ቢሆንም አንሳሳትም ነበር፣ ዝርዝሩን በሙሉ ታሟላ ነበር። ግን እኔ ራሴን አውቀዋለሁ። መጠበቅ የሚያዋጣው ቀጠሮ ለማይዘል ሰው ነው። «ትንሽ የተሻላት ይመስለኛል» ብሎ ቀጠሮውን የሚሰርዝ ቤተሰብ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነበር የሚል ቤተሰብ፣ ከሐኪም በጣም ርቆ የሚኖር ቤተሰብ አሁኑኑ ቢያስነሳ ይሻለዋል ባይ ነኝ። በሰዓቱ ተመላልሳችሁ የምታሳዩ ከሆናችሁ፣ ሐኪማችሁም በጠብታ አስፍቶ የዓይን ነርቩን በደንብ ያየ ከሆነ፣ ለጥቂት ሳምንታት መጠበቅ ሞኝነት አይደለም።

አንድ ነገር ግን አጥብቃችሁ ጠይቁ፦ «የዓይን ነርቩን አይተኸዋል?» በጠብታ ሳይታይ «ይቆይ» ከተባላችሁ ውሳኔው በግማሽ መረጃ የተሰጠ ነው። እኛ መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ባትሪ አብርተው አይተው ብቻ ሸኝተውን ነበር።

ኤምአርአይ ወይስ ሲቲ ስካን?

ምርጫው በእጃችሁ ከሆነና የሚያጣድፍ ነገር ከሌለ ኤምአርአይ። የአንጎል ግንዱንና ከኋላ ያለውን ክፍል አጥርቶ ያሳያል፣ ጨረርም የለውም። ጉዳቱ ጊዜው ነው፤ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይነቃነቁ መተኛት፣ ያውም በዚያ ሁሉ ጩኸት። የእኔዋ በማስተኛ ነው የተነሳችው፣ ስለዚህ ከሌሊት ጀምሮ ምግብ ተከለከለች፣ የዚያን ቀን ጠዋት ቤታችን የለቅሶ ቤት ይመስል ነበር። ስድስት ሰባት ዓመት የሞላው ረጋ ያለ ልጅ ግን ቀድሞ ጩኸቱን በስልክ ካሰማችሁትና ካለማመዳችሁት ያለ ማስተኛ ሊችለው ይችላል።

ሲቲ ስካን በደቂቃዎች ያልቃል። ለድንገተኛ ነገር፣ ለምት፣ ለደም መፍሰስ፣ ከጆሮ በስተኋላ ላለው አጥንት ጥሩ ነው። ግን ጨረር አለው፣ ደግሞም በአንጎል ግንድ ዙሪያ ያለው ወፍራም አጥንት ምስሉን ያደበዝዘዋል፤ እኛ የምንፈራው ነገር ሊደበቅ የሚችለው ደግሞ እዚያው ነው። ስለዚህ «ሲቲው ንጹሕ ነው» መባል የ«ኤምአርአዩ ንጹሕ ነው»ን ያህል ልብ አያሳርፍም።

ምስሉ ንጹሕ ሆኖ የዓይን ነርቩ ካበጠ ከጀርባ ፈሳሽ ተወስዶ ግፊቱ ይለካል። ይሄ ምርጫ ውስጥ አይገባም፣ መደረግ ያለበት ነው።

እስኪመለስ ድረስ፦ መተው፣ መሸፈን ወይስ ፕሪዝም?

እዚህ ላይ ነው ቤተሰብ በየቀኑ የሚሠራው ሥራ ያለው። ትልቁን ስህተቴንም የሠራሁት እዚሁ ነው።

ልጄ ዓይኗ ከዞረ በኋላ ፊቷን ወደ ግራ አዙራ፣ በቀኝ በኩል እያየች ቴሌቪዥን ማየት ጀመረች። አንገቷን አመማት ብዬ ደነገጥኩ። ቀኑን ሙሉ «ቀና በይ!» ስል ዋልኩ፣ በእጄም አገጯን ይዤ አስተካክላት ነበር። በኋላ ነው የተነገረኝ፦ የታመመው ዓይን ወደ ግራ መሄድ ካቃተው ፊትን ወደ ግራ ማዞር ሁለቱን ዓይኖች ወደ ቀኝ ይወስዳቸዋል፣ እዚያ ደግሞ የደከመው ጡንቻ አይፈለግም፣ ምስሉም አንድ ይሆናል። አራት ዓመቷ ነው፣ ማንም ሳያስተምራት መፍትሔ አግኝታለች፣ እኔ ደግሞ እያፈረስኩባት ነበር። ፊቱን የሚያዞር ልጅ ካላችሁ ተዉት። እንዲያውም ደስ ይበላችሁ፣ ሁለቱም ዓይኖቹ አብረው እየሠሩ ነው ማለት ነው። ትምህርት ቤት ካለ ለመምህሩ ንገሩ፣ በሚያመቸው ወገን ይቀመጥ።

እንግዲህ መተው የሚባለው ምርጫ ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ነው። ፊቱን አዙሮ አንድ አድርጎ የሚያይ፣ የሁለቱም ዓይኖቹ እይታ እኩል የሆነ። ሐኪሙ በየጥቂት ሳምንቱ እይታውን እየለካ፣ ቤት ውስጥ ግን ምንም ሳይደረግለት።

መሸፈን የሚመጣው ልጁ ይሄን መፍትሔ ሳያገኝ ሲቀር ነው፣ ወይም ፊቱን ቀጥ አድርጎ አንዱን ዓይን ችላ ማለት ሲጀምር። የሚያስፈራው ይሄ ሁለተኛው ነው። እስከ ሰባት ስምንት ዓመት ድረስ የልጅ አንጎል ማየትን ገና እየተማረ ነው። ሁለት ምስል ሲመጣበት አንዱን ያጠፋዋል። ልጁ «ሁለት ሁለት ይታየኛል» ማለቱን ካቆመ እኛ ዳነ ብለን እናጨበጭባለን፣ እሱ ግን ምናልባት አንዱን ዓይን መጠቀም ትቶ ነው። ይሄ ከቆየ ሰነፍ ዓይን የሚባለውን ያመጣል፣ ነርቩ ከዳነ በኋላም እይታው ደክሞ ሊቀር ይችላል። ያኔ ከቫይረሱ የከፋ ጉዳት ያደረሰው መዘናጋታችን ይሆናል።

አሸፋፈኑ ላይ የሰማሁት የተሳሳተ ምክር ብዛት! አንዳንዱ የዞረውን ዓይን ብቻ መሸፈን ነው ይላል፣ ለመልክ ሲል። የዞረው ሁሌ ከተሸፈነ ግን ያው ዓይን ይሰንፋል። የሁለቱም እይታ እኩል ከሆነ በተለምዶ የሚመከረው ማፈራረቅ ነው፤ ዛሬ ቀኝ፣ ነገ ግራ፣ በቀን የተወሰነ ሰዓት። አንዱ ቀድሞ የሰነፈ ከሆነ ጤነኛው በብዛት ይሸፈናል። ስንት ሰዓት የሚለውን ሐኪሙ ይወስን፣ ምክንያቱም አብዝቶ መሸፈንም የተሸፈነውን ዓይን ሊያሰንፍ ይችላል። ማፈራረቁ ሌላም ጥቅም አለው ይባላል፤ የታመመው ዓይን ተራው ሲደርስ ይንቀሳቀሳል፣ ወደ አፍንጫ የሚስበው ጡንቻም በዚያው አጥሮ እንዳይቀር ያግዛል።

ቆዳ ላይ የሚለጠፈው መሸፈኛ በላስቲክ ከሚታሰረው ይሻላል። የላስቲኩን ልጆች አሾልከው ያዩበታል፣ የእኔዋ በሁለተኛው ቀን ተክናበታለች። የሚለጠፈው ደግሞ ቆዳ ያቀላል፣ ስለዚህ ቀስ ብሎ በለብ ያለ ውሃ ማላቀቅ። በአንድ ዓይን ርቀት መገመት እንደሚከብድም አትርሱ። የተሸፈነ ልጅ ደረጃ ላይ ብቻውን አይለቀቅም።

ዘጠኝ አሥር ዓመት ያለፈው ልጅ ላይ ጉዳዩ ይቀላል። የሰነፍ ዓይን ስጋት በአብዛኛው አልፏል፣ መሸፈኑ ሁለት ሁለት ማየቱን ለማጥፋት ብቻ ነው፣ የሚመቸውን ይሸፍን። መነጽር የሚያደርግ ከሆነ አንዱ መስታወት ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስተር መለጠፍም ይቻላል፣ ጓደኞቹ ፊት የመሸፈኛውን ያህል አያሳፍርም።

ፕሪዝም መነጽር ላይ የሚለጠፍ ባለ መስመር ስስ ፕላስቲክ ነው። ብርሃኑን አጥፎ ምስሉ የዞረው ዓይን ላይ እንዲያርፍ ያደርጋል። ፈረንሳዊው ፍሬኔል እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ለባሕር ዳርቻ መብራት ቤቶች የሠራው የመስታወት ዘዴ ነው ልጆች አፍንጫ ላይ የመጣው፣ እንዴት ደስ ይላል። ግን ልክ አለው። ትክክል የሚሆነው ፊት ለፊት ሲታይ ነው፤ ነርቩ የደከመበት ዓይን ወደ ጎን በሄደ ቁጥር መዛነፉ ስለሚለያይ ዳር ዳሩን አያድንም። ጠንከር ያለው ፕሪዝም እይታን ያደበዝዛል። ነርቩ እየዳነ ሲሄድም መጠኑ መቀየር አለበት፣ አለዚያ የትናንቱ ልክ ዛሬ ራሱ ሁለት ምስል ይፈጥራል። ስለዚህ ትንሽ መዛነፍ ላለበት፣ መነጽር ለሚቀበልና «አሁን አንድ ሆነ፣ አሁን ሁለት ሆነ» ብሎ መናገር ለሚችል ትልቅ ልጅ ጥሩ ነው። ለአራት ዓመት ልጅ እኔ አልመርጠውም።

መድኃኒትስ?

እዚህ ላይ አጭር ነኝ። ከቫይረስ በኋላ ለሚመጣው ለዚህ ዓይነቱ ድካም መዳንን እንደሚያፋጥን የተረጋገጠ መድኃኒት የለም። የቢ ቫይታሚን መርፌ ቫይታሚኑ ላልጎደለው ልጅ ከመወጋት ሌላ የሚሰጠው ነገር አይታየኝም። የዓይን ስፖርት የደከመ ነርቭ አያስነሳም። ፀረ ቫይረሱም ከትኩሳቱ በኋላ ለመጣ ነገር ብዙ ጊዜ ሰዓቱ አልፏል።

ስቴሮይድ ግን ለብቻው መነሳት አለበት፣ ምክንያቱም «ሞክሩት፣ ምን ይጎዳል?» ይባላል። ይጎዳል። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ስቴሮይድ አንዳንድ የደም ካንሰሮችንና የሊምፍ ዕጢዎችን ለጊዜው ያሟሽሻል፣ ዓይኑም ይሻለዋል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል፣ ትክክለኛው በሽታ ግን ተሸፍኖ ይቆያል። ምስልና የደም ምርመራ ሳይታይ «ለመሞከር» የሚጻፍ ስቴሮይድ ካጋጠማችሁ ምክንያቱን ጠይቁ።

መድኃኒት በእርግጥ የሚያስፈልግበት አንድ ቦታ ጆሮ ነው። የመሃል ጆሮ ኢንፌክሽን ወደ አጥንቱ ጫፍ ከገባ እዚያ የሚያልፈውን ስድስተኛውን ነርቭ ያገኘዋል። የጆሮ መግል፣ በዓይን ዙሪያ ሕመምና የዞረ ዓይን አንድ ላይ ሲመጡ ግራደኒጎ ሲንድረም ይባላል፣ በጣሊያናዊው የጆሮ ሐኪም ስም። ይሄ በባክቴሪያ የሚመጣ ነው፣ በሆስፒታል አንቲባዮቲክ ይታከማል፣ መጠበቅ የሚባል ነገር የለውም።

ወራት አልፈው ካልተመለሰ፦ ቦቶክስ ወይስ ቀዶ ጥገና?

አብዛኞቻችሁ እዚህ አትደርሱም። ብትደርሱ ግን ሁለተኛ ዙር ምርመራ መቅደም አለበት። «የቫይረስ ነው» የተባለ ነገር በስድስት ወሩ ካልለቀቀ የመጀመሪያው ጥያቄ «በእርግጥ የቫይረስ ነበር?» ነው።

ቦቱሊነም ቶክሲን (ቦቶክስ የሚባለው፣ ጡንቻን ለጊዜው የሚያዳክም መርፌ) ለውበት ከመዋሉ በፊት የተሠራው ለተንሸዋረረ ዓይን ነው። አለን ስኮት የተባለ አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከቀዶ ጥገና የሚገላግል ነገር ሲፈልግ ነው የጀመረው፣ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1989 ተፈቀደ። የሚወጋው የታመመው ጡንቻ አይደለም፤ ጤነኛው፣ ወደ አፍንጫ የሚስበው ነው። እሱ ሲዳከም ሁለቱ ይመጣጠናሉ። በቀናት ውስጥ ይጀምራል፣ ሦስት ወር ገደማ ይቆያል፣ ከዚያ ይለቃል። ትንሽ ልጅ ለዚያች አንድ መርፌም አጭር ማደንዘዣ ይፈልጋል። ቶክሲኑ ወደ ጎረቤት ጡንቻ ከፈሰሰ ቆቡ ለጥቂት ሳምንታት ሊወድቅ ይችላል፣ ትንሽ ልጅ ላይ ደግሞ የወደቀ ቆብ ራሱ እይታ ይዘጋል። አንዳንድ ሐኪሞች ቀደም ብለው፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይሰጡታል፣ ጡንቻው እንዳያጥር። ነርቩ በራሱ ጊዜ ከሚድነው የበለጠ እንዲድን ማድረጉ ግን በደንብ አልተረጋገጠም። ለቫይረሱ ዓይነት፣ በራሱ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ፣ በሁለተኛው ሳምንት ቦቶክስ ከተባልኩ ሌላ ሐኪም እጠይቃለሁ።

ቀዶ ጥገናው ዘላቂ ነው፣ ለዚህም ነው የማይቸኮልበት። ቢያንስ ስድስት ወር አልፎ፣ መለኪያው በተከታታይ ቀጠሮ ላይ ሳይለዋወጥ ሲቀር ነው የሚታሰበው። ዛሬ የተስተካከለ ጡንቻ ነርቩ ነገ ቢነቃ ዓይኑን ወደ ውጭ ሊወስደው ይችላል። የደከመው ጡንቻ ትንሽም ቢሆን የሚሠራ ከሆነ እሱን ማጥበቅና ተቃራኒውን ማላላት ይበቃል። ጨርሶ ካልሠራ ከላይና ከታች ያሉት ጡንቻዎች ወደ እሱ ተዛውረው ይሰፋሉ፣ ይሄ ከበድ ይላል። ዓይን ከጉድጓዱ አይወጣም፤ ይሄን ለአያቷ ሦስት ጊዜ ነው ያስረዳሁት። ፊት ለፊት ሲታይ ቀጥ ያለ ዓይን ማግኘት በብዛት ይቻላል፤ ጥግ ድረስ እንደ ጤነኛው እንዲሄድ መጠበቅ ግን ከንቱ ተስፋ ነው።

ሁለቱን ካነጻጸርኩ፦ መንገዱ ገና ካልለየ፣ ጡንቻው ማጠር ከጀመረ ወይም መዛነፉ ሰፊ ሆኖ ልጁ ፊት በማዞርም አንድ ማድረግ ካቃተው ቦቶክስ ጊዜ ይገዛል። ስድስት ወር አልፎ ሁሉም ነገር ከረጋ ቀዶ ጥገና። አንዳንዴ ሁለቱ አብረው ይደረጋሉ።

ከተመለሰ በኋላ

እኛ ጋ ለውጡን መጀመሪያ ያሳየን ስልክ ነው። በየሦስት ቀኑ፣ እዚያው መስኮት አጠገብ፣ ፊቷን ቀጥ አድርጋ ወደ ግራ ስታይ ፎቶ አነሳት ነበር። በየቀኑ የሚያያት ሰው ለውጥ አይታየውም፣ እኔ ምንም የለም ባልኩበት በስድስተኛው ሳምንት ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ሳደርግ በግራ ዓይኗ ዳር ያለው ነጭ ጠቧል። ፊቷን ማዞሩንም ቀስ በቀስ ተወችው። በአሥራ አንደኛው ሳምንት ሐኪሟ «ሙሉ ነው» አለች፣ እይታዋንም ለክታ እኩል መሆኑን አረጋገጠች። ዓይኑ ቀጥ ካለ በኋላ ይሄን የመጨረሻ ልኬት አትዝለሉት፣ ሰነፍ ዓይን በመስታወት አይታይም።

ደግሞ ሊመለስ ይችላል። አንዳንድ ልጆች ላይ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ያው ዓይን፣ ብዙ ጊዜ ከሌላ ትኩሳት በኋላ እንደገና ይዞራል። ሲመለስ «የለመድነው ነው» ብሎ ቤት መቀመጥ የለም፤ ምርመራው ከመጀመሪያው ይጀመራል፣ ምስልም እንደገና ሊያስፈልግ ይችላል፣ አዲሱ ከድሮው ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ብዙ ይናገራል። የእኛ የኤምአርአይ ዲስክ፣ የመጀመሪያው ትኩሳት ቀንና የፎቶዎቹ ቅጂ ከክትባት ካርዷ ጋር በአንድ ፖስታ ውስጥ ናቸው። እስካሁን አልከፈትነውም።